ስምንተኛዋ ቀዳዳ

ከሳቢን ወንዝ እስከ ጋልቬስተን ደሴት ድረስ ያለ ኤሲ ሁሉ እኔን ያውቀኛል። ሆስፒታሉን፣ ሁለቱን ትምህርት ቤቶች፣ የዳኛውን ቤት፣ የቀብር አስፈጻሚውን የሬሳ ክፍል ሳይቀር የማቀዘቅዘው እኔ ዴልበርት ጊድሪ ነኝ። ፖርት አርተር በሐምሌ ወር ሰው የሚኖርባት ከተማ የሆነችው በእኔ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ እኔ ባልኖር ሕዝቡ ገና ድሮ ወደ ካናዳ ነቅሎ ይሄድ ነበር። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም። ቀጥሎ የማወራው ነገር በማን ላይ እንደደረሰ ይታወቅልኝ ብዬ ነው።

ሚስቴ ናዲን ነርስ ናት። ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ የኮቪድ ክፍል ውስጥ ቆማለች። ስለ ራሴ ሳወራ አንዳንዴ ጨመር አደርግ ይሆናል፤ ስለ እሷ ግን መጨመር አይቻልም፣ ቦታ የለውም። የስንቱን ሰው አፍንጫ እንደመረመረች፣ የስንቱን ዓይን በእጇ እንደከደነች እሷም መቁጠር ትታለች። ፈቃዷን ሁለት ጊዜ ሰጥተው ሁለት ጊዜ ሰርዘውባታል። በሦስተኛው አለቃዋ ጠራቻትና፣ "ከሐምሌ ሦስተኛው እሑድ ጀምሮ ሰባት ቀን አለሽ፤ ይኼ ካመለጠሽ እስከ ኅዳር ድረስ እንዳትጠይቂኝ" አለቻት።

የዚያን ዕለት ማታ፣ "እሺ፣ የት ልውሰድሽ?" አልኳት። "ፓሪስ? ሃዋይ? ብቻ አንቺ ስም ጥሪ።"

ጫማዋን እያወለቀች ነበር። አንዱን አውልቃ ሌላውን ለማውለቅ ጉልበት አጥታ፣ አንድ እግሯ ጫማ እንዳደረገ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች።

"ስሜን የሚጠራ ሰው የሌለበት አልጋ" አለችኝ።

እኔም እሱኑ አገኘሁላት። ከጋልቬስተን ተነሥቶ ሰባት ቀን ባሕር ለባሕር ዞሮ የሚመለስ መርከብ፣ በረንዳ ያለው ክፍል፣ ስልክ የማይሠራበት ውኃ። ትኬቱን እንደቆረጥኩ ለከተማው ሁሉ አወጅኩ። ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ስደርስ መርከቡ ባለ ሃያ ፎቅ ሆኖ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ካፒቴኑ የአጎቴ ልጅ ሆነ።

"ወረቀቱን በሙሉ ለእኔ ተይው" አልኳት። "አንቺ እንደ ንግሥት ነው የምትሳፈሪው።"

"ዴል፣ ወረቀቱን እኔ ብይዘው አይሻልም?" አለች ዓይኗን ጨፍና። "ባለፈው የመኪናውን ምርመራ ለእኔ ተይው ብለህ ፖሊስ በዝናብ አቁሞናል።"

"ያ ፖሊስ አዲስ ስለሆነ ነው፤ ማን እንደሆንኩ አላወቀም።"

"አሁን ያውቅሃል" አለችና ተኛች።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የመርከብ ወረቀት ግን ከሁለቱም ይብሳል። የላኩልን መመሪያ ከኦሪት ዘሌዋውያን ይረዝማል። ፓስፖርት፣ ዋናው የክትባት ካርድ፣ አሥር ጊዜ "ያስልዎታል ወይ?" እያለ የሚጠይቅ ቅጽ። ከሁሉም በላይ የኮቪድ ምርመራ ውጤት፤ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ውስጥ የተሠራ፣ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ሰዓት የተጻፈበት። ቤት ውስጥ የሚመረመር ሰው ደግሞ ብቻውን አፍንጫውን ጎርጉሮ ነጻ ነኝ ማለት አይችልም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቪዲዮ የሚያየውና መጨረሻ ላይ ወረቀቱን የሚልክለት ሰው ያስፈልገዋል። ለዚህ የሚሆነው መመርመሪያ ከተራው የተለየ ነው፤ ሳጥኑ ላይ ቁጥር አለው።

እኔ እንዲህ ያለውን ሁለት ሳጥን ከወር በፊት ገዛሁ። ሰው ሁሉ ፋርማሲ ለፋርማሲ ሲንከራተት እኔ እስቅ ነበር። ዕቃ ከቤት ይጠፋብኛል፤ ከፒካፕ መኪናዬ ግን መርፌ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ስለዚህ ሁለቱን ሳጥን ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ቆለፍኩባቸው። በየሥራው ቦታ እየከፈትኩ ለሰው አሳይ ነበር። "እዩት፣ የሰባት ቀን ሽርሽር እዚህ ውስጥ ተቀምጧል" እላለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሣት ግድ ነው። የፒካፔ ኤሲ ከሞተ ሁለተኛ በጋው ነበር። የሰው ሳደርስ የራሴን መቼ ላድርስ? በሐምሌ እኩለ ቀን እዚያ መኪና ውስጥ እንቁላል ብታስቀምጥ ጫጩት ሳይሆን የተጠበሰ ዶሮ ነው የሚወጣው።

ቅዳሜ ናዲን የመጨረሻ ፈረቃዋን ጨርሳ ማምሻውን ገባች። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ላፕቶፑን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከፍቼ፣ ሁለቱን ሳጥን ደርድሬ፣ ሸሚዜን ቀይሬ ጠበቅኳት። ቪዲዮው ላይ ትሬቨር የሚባል፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ያደረገ ትሁት ልጅ መጣ። ናዲን የጥጡን እንጨት ተቀብላ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ሰው ጥርሱን እንደሚፍቅ አድርጋ በሁለቱም የአፍንጫዋ ቀዳዳ አዙራ ጨረሰች። ትሬቨር እንኳ፣ "እመቤቴ፣ እንዲህ ሲሠራ አይቼ አላውቅም" አላት። እሷ ግን አልሰማችውም። አሥራ አምስት ደቂቃ መጠበቅ ነበረብን፤ በአራተኛው ደቂቃ ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ወድቆ፣ አፏ ተከፍቶ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወስዷታል።

ሰዓቱ ሲሞላ የእሷንም የእኔንም ለካሜራው አሳየሁ። ትሬቨር ቀረብ ብሎ አያቸው።

"መስመር የለም፣ ጌታዬ።"

"በሽታ የለም ማለት ነዋ! ነገርኩህ እኮ፣ የጊድሪ ዘር ብረት ነው።"

"አይደለም። በሽታ ባይኖርም አንድ መስመር መውጣት ነበረበት። አንድም ካልወጣ መመርመሪያው ተበላሽቷል። ሁለቱም።" ትንሽ አመነታና፣ "የት ነበር ያስቀመጡት?" አለኝ።

ሳጥኑን አገላበጥኩት። ጎኑ ላይ ቴርሞሜትር ተስሎበታል፤ አጠገቡ ከሰላሳ ዲግሪ በላይ አታስቀምጥ ይላል። በሕይወቴ ሙሉ የሠራሁት ሥራ ያቺን ቁጥር ማንበብ ነው።

"ቀዝቃዛ ቦታ" አልኩት።

"ይቅርታ ጌታዬ፣ ወረቀት መላክ አልችልም።"

ላፕቶፑን ዘጋሁ። ፋርማሲዎቹን ሁሉ ደወልኩ፤ የቀረበ ቀጠሮ የሰጠችኝ፣ "ሰኞ ከሰዓት" አለችኝ። ናዲን አልነቃችም። ሁለት ጊዜ ልቀሰቅሳት እጄን ዘርግቼ ሁለቱንም ጊዜ መለስኩት። ኋላ ተሸክሜ አልጋዋ ላይ ሳስቀምጣት ግማሽ ዓይኗን ገለጠችና፣ "አለቀ?" አለችኝ።

"አለቀ። እንደ ወተት ንጹሕ ነን።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በማግስቱ ጠዋት መመሪያው መጨረሻ ገጽ ላይ አንዲት መስመር አገኘሁ፦ ያልተመረመረ ተሳፋሪ ወደቡ ላይ ባለው ድንኳን ሊመረመር ይችላል፤ መሳፈሪያው በር ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። መርከቡ የሚነሣው አሥር ሰዓት ነው። የቀረው የእኔ ምላስ ነው ብዬ ተነሣሁ።

መንገዱን ደግሞ በቦሊቫር በኩል መረጥኩ። የአገሩ ሰው መኪናውን ጀልባ ላይ ጭኖ ነው ወደ ጋልቬስተን የሚሻገረው፤ በሂውስተን የሚዞር እንግዳ ነው፣ ለእኛ ነውር ነው። በሐምሌ እሑድ ግን የጀልባው ሰልፍ ወደ ኋላ እስከ አላስካ ይደርሳል። ከሁለት ሰዓት በላይ መስኮቱን ከፍተን ቆምን። አየር የሚባል ነገር አልነበረም። ከፊታችን የቆመ ጀልባ ጎታች መኪና ላይ የተቀመጡ ልጆች ሐብሐብ እየበሉ ፍሬውን ወደ እኛ ይተፉ ነበር። ናዲን እርጥብ ፎጣ አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ በረዶ ያለበትን ጣፋጭ ሻይ ከቴርሞሱ ትጎነጫለች። በየመሐሉ ሰዓቴን አያለሁ። በየመሐሉ ደግሞ ሰዓቴን ሳይ ታየኛለች።

ጀልባው ላይ ስንወጣ ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ነበር የቀረው። ሞተሩ ሲነሣ፣ "ወረቀቶቹን እስኪ አሳየኝ" አለች።

ፓስፖርቶቹን ሰጠኋት። የክትባት ካርዶቹን ሰጠኋት። ቅጹን ሰጠኋት።

"ውጤቱስ?"

"ውጤቱ... መርከቦቹ አሁን አዲስ አሠራር አምጥተዋል። ለተመረጡ ሰዎች ወደቡ ላይ ልዩ..."

"ዴል።"

"እሺ።"

"አንዴ ብቻ። ምንም ሳትጨምርበት ንገረኝ።"

ፔሊካኖች ከጀልባው ጎን ይበሩ ነበር። ሰው ሁሉ ዶልፊን ለማየት ወደ ጀልባው ጠርዝ ሄዷል። መሐል ውኃ ላይ ነን፣ መኪና አስነሥቶ ማምለጥ የለም።

"መመርመሪያዎቹ ተበላሹ" አልኳት። "ውጤት የለንም።"

"የት አስቀምጠሃቸው?"

በአገጬ ዳሽቦርዱን አመለከትኩ።

ኪሱን ከፍታ እጇን ከተተችና ቶሎ አወጣች፤ ብረቱ ፈጅቷት ነው። ቀጥሎ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ፤ እየሳቀች ነበር። የማውቀው የሳቅ ዓይነት አይደለም፤ ሰው ሲደክመው የሚያመልጠው ነው።

"የብርዱ ንጉሥ" አለች። "ሬሳ የሚያቀዘቅዘው ሰውዬ። ሁለት መመርመሪያ በሐምሌ ቀቅሎ አበላኝ።"

"ናዲንዬ..."

"ትናንት ማታ ለምን አልቀሰቀስከኝም?"

"ተኝተሽ ነበራ።"

ይህን ስላት ሳቋን አቆመች። ፎጣውን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ እስክንሻገር ድረስ አላነሣችውም።

ድንኳኑ ጋ ስንደርስ ሰባት ሰዓት ተኩል አልፏል። መርከቡ ከኋላው እንደ ተራራ ቆሟል፤ ለአንዴ እንኳ ከተናገርኩት በላይ ሆኖ አገኘሁት። ሰልፉ ላይ የቀረው ትንሽ ሰው ነው፤ ሁሉም ዓይኑ ቀይ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ የተጣበቀ፣ ቀጠሮ ያጣ፣ ወረቀቱ ላይ ቀን የተሳሳተበት፣ እንደ እኛ ያለ። እኛ የመጨረሻዎቹ ነን። ከኋላችን ማንም የለም።

ድንኳኑን የምታስተዳድረው እትዬ ቬርነል የምትባል፣ ስድሳውን ያለፈች፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ነው የምትናገረው።

"ልጆቼ፣ ስሙኝ" አለች። "ማሽኑ ስምንት ቀዳዳ አለው። ስምንት ሰው አንዴ ይገባል፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። በሩ ስምንት ተኩል ላይ ይዘጋል። ስለዚህ የመጨረሻውን ዙር ስምንት ሰዓት ላይ እዘጋዋለሁ፤ አንድ ደቂቃ አላሳልፍም። ብቆጥራችሁ ስምንት ናችሁ። እግዚአብሔር ይወዳችኋል።"

"ቆጥሮ ያመጣን እሱ ነው እትዬ!" ብዬ ጮኽኩ። ማንም አልሳቀም። ሁሉም ደክሞታል።

በዚህ መሐል ከድንኳኑ ጀርባ ጥሩም ክፉም ያልሆነ ድምፅ ሰማሁ። እኔ ይህን ድምፅ እንቅልፌ ውስጥም አውቀዋለሁ። የድንኳኑ ኤሲ ይጮኻል፣ ማራገቢያው ግን አይዞርም። ወዲያው ድንኳኑ ውስጥ ማሽኑ ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ጀመረ። ቬርነል መነጽሯን አድርጋ የማሽኑን ስክሪን አየች።

"አይ ዛሬስ" አለች። "ሞቆኛል ይላል። ከሰላሳ ዲግሪ በላይ አልሠራም ይላል።"

ሰላሳ ዲግሪ። ናዲን ዞራ አየችኝ። አላየሁም ብዬ ወደ መርከቡ ዞርኩ።

አበባ አበባ ያለበት ሸሚዝ የለበሰ አንድ ሽማግሌ፣ "ታዲያ ሰው ጥሩልን እንጂ!" አለ።

"ደውያለሁ የኔ ጌታ። ከሂውስተን ነው የሚመጣው። ሁለት ሰዓት ይፈጅብኛል አለ።"

ያኔ ናዲን ወደ ፊት ሄደች። ድካሟ ከአረማመዷ ያስታውቃል።

"እትዬ፣ ባሌ ኤሲ ሠሪ ነው" አለች። ቀጥላ ትንሽ አሰበችና፣ "ከሳቢን ወንዝ እስከዚህ ድረስ ከእሱ የተሻለ የለም" ብላ ጨመረችበት።

እኔ ምን ልበል? ሰላሳ ዓመት ሙሉ ያልኩትን ሌላ ሰው ሲለው ሰምቼ አላውቅም ነበር። ወደ ድንኳኑ ጀርባ ዞርኩ።

ክዳኑን ፈትቼ አየሁት። ማራገቢያውን የሚያስነሣው ካፓሲተር እንደ ጠገበ መዥገር አብጧል። ኤሌክትሪኩን አጠፋሁና ወደ ፒካፔ ሮጥኩ። የቆመው ሁለት መንገድ ማዶ ነው፤ ለእኔ ሆድ ግን ማራቶን ነበር። ልክ የሚሆነው አልነበረኝም፤ ከፍ ያለ አንድ አገኘሁ፣ ለአንድ ቀን ይይዛል። ስመለስ በረዶ የያዘውን ሳጥናችንንም ይዤ ነበር፤ ለምን እንደያዝኩት ያን ጊዜ አላወቅኩም፣ እጄ ነው ያወቀው። አሮጌውን ነቅዬ አዲሱን አሰርኩ። አበራሁት። ማራገቢያው አንዴ አቃስቶ፣ ሁለቴ አቃስቶ ዞረ። ከድንኳኑ ውስጥ አንድ ሁለት ሰው አጨበጨበ።

"ሰላሳ አራት!" አለች ቬርነል ከውስጥ። "አሁንም ሞቋል!"

ሰዓቴን አየሁ፤ ለስምንት ሩብ ጉዳይ አልፏል። የውጪው ጥቅል ቱቦ በአቧራና በባሕር ጨው ተደፍኗል፣ ሙቀቱን መጣል አቅቶታል። ማጠብ ጊዜ የለም። የበረዶውን ውኃ በኩባያ እየቀዳሁ አፈስበት ጀመር። እንፋሎቱ ፊቴ ላይ ይመጣል።

"ሰላሳ ሦስት! ... ሰላሳ ሁለት!"

አንድ ጊዜ እጄን ለማሳረፍ አቆምኩ።

"ሰላሳ ሦስት! ምን ሆንክ፣ ልጄ? ቀጥል እንጂ!"

ቀጠልኩ። ሳፈስ ይወርዳል፣ ሳቆም ይወጣል። ለስምንት ሰባት ጉዳይ ላይ፣ "ሃያ ዘጠኝ!" አለች፤ የማሽኑ ጢጥታ ቆመ። ከሸራው ማዶ ወንበር ሲሳብ፣ ስም ሲጠራ፣ አንዱ ሲያስነጥስ እሰማለሁ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ለእያንዳንዱ ሰው አፍንጫ አንድ ኩባያ ውኃ። በረዶው እያለቀ ነው።

"ጊድሪ፣ ናዲን!"

የእሷ ተራ ነው። አንዲት ጠብታ ወደ ውጭ አላፈሰስኩም።

"ጊድሪ፣ ዴልበርት!"

ሸራው ተገልጦ የናዲን ራስ ወጣ። "ዴል! ና፣ አንተ ነህ የቀረኸው! ሁለት ደቂቃ አለ!"

ኩባያውን አስቀመጥኩና አንድ እርምጃ ሄድኩ።

"ሰላሳ!" አለች ቬርነል።

ተመለስኩ። "መጣሁ፣ ትንሽ ቆዩኝ!" አልኩ። አንድ ኩባያ። "ሃያ ዘጠኝ!" ሁለት እርምጃ ሄድኩ። "ሰላሳ!" እንደገና ተመለስኩ። እንግዲህ እኔ ስለ ሙቀት የማላውቀው ነገር የለም፤ ያቺን አንዲት ዲግሪ የያዛት የእኔ ክንድ ብቻ መሆኑን ለማወቅ ሦስተኛ ጊዜ መሞከር አላስፈለገኝም። ናዲን ሸራውን እንደያዘች አየችኝ። እሷም ሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ቆሞ ማሽን ማየት ታውቃለች፤ ገብቷታል።

"ዴል" አለች፣ ቀስ ብላ።

"ግቢና ተቀመጪ" አልኳት። "ሙቀት አታስገቢ።"

ከውስጥ ክዳን ሲዘጋ ጧ አለ፤ ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ። ሃያ አምስት ደቂቃ አፈሰስኩ። በረዶው ሲያልቅ አበባ ሸሚዙ ሽማግሌ የራሱን ሳጥን አምጥቶ፣ ውስጡ ያሉትን የቢራ ቆርቆሮዎች አንድ በአንድ አውጥቶ በረዶውን ሰጠኝ። አንዱን ቢራ ከፍቶ አጠገቤ አኖረልኝ፤ ለመጠጣት ግን ሦስተኛ እጅ አልነበረኝም።

መሐል ላይ አንድ ጊዜ ቬርነል ወጥታ ከላይ ቆመችብኝ።

"ስምንተኛዋን ቀዳዳ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ክፍት ይዤልህ ነበር።"

"አሁን ብትከፍቺውስ፣ እትዬ? አንዴ ብቻ ገርበብ አድርገሽ? የእኔ አፍንጫ ፈጣን ነው፣ በአሥር ሰከንድ..."

"ከከፈትኩት የሰባቱም ይበላሻል፣ ልጄ። የሚስትህም።"

አፌን ከፈትኩ። በሕይወቴ ዳኛ አሳምኛለሁ፣ ግብር ሰብሳቢ አሳምኛለሁ፣ አንድ ጊዜ አዞ አሳምኜ ከሰው ግቢ አስወጥቻለሁ። አፌን መልሼ ዘጋሁትና ውኃ ቀዳሁ።

ስምንት ሰዓት ከሃያ ሰባት ላይ ሰባት ወረቀት ወጣ። ሰባቱም ነጻ ናቸው። ሰዎቹ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወደ በሩ ሮጡ። ናዲን ወረቀቷን ይዛ ከድንኳኑ ጀርባ መጣች። እኔ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ፤ ሱሪዬ ረጥቧል፣ ክንዴ እስከ ክርኔ ጥቁር ነው። ወረቀቷን አየኋት፦ ስሟ፣ የትውልድ ቀኗ፣ ሰዓቱ፣ ሁሉም አለ። ያማረ ወረቀት ነው።

"አንተስ?" አለችኝ።

በዚህ ጊዜ የምለው አርባ ነገር ነበረኝ። በጀልባ እከተልሻለሁ፣ ካፒቴኑን አውቀዋለሁ፣ መርከቡ በሚቆምበት በኮዙሜል ወደብ አበባ ይዤ ታገኚኛለሽ። አርባውንም ተውኳቸው።

"ሂጂ" አልኳት። "ሂጂና ተኚ።"

እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ታመነታለች ብዬ ነበር። ቢያንስ "ያላንተማ" ትላለች ብዬ ነበር፤ እኔም "ግድ የለም" እላታለሁ ብዬ መልሱን አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ላብ ያዘለ ግንባሬን ሳመችኝ፣ ቴርሞሱን እግሬ ሥር አስቀመጠች፣ ሻንጣዋን ያዘች፣ ሄደች። በሩ ጋ ስትደርስ አንዴ ብቻ ዞረች።

"ዴል!"

"አቤት የኔ እመቤት!"

"ስመለስ የፒካፑ ኤሲ ተሠርቶ ልየው!"

በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።

እስከ አሥር ሰዓት ወደቡ ግንብ ላይ ተቀመጥኩ። መርከቡ ሲያጓራ ሕዝቡ በየበረንዳው ወጥቶ እጁን ያወዛውዝ ጀመር። የእኛን ክፍል ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ፤ በአምስተኛው ፎቅ ላይ ከፊት ጀምሬ እየቆጠርኩ አገኘሁት። ግራና ቀኙ ሰው ሞልቷል፣ ከላይ አንዷ ባርኔጣዋን እያውለበለበች ትዘፍናለች። የእኛ በረንዳ ባዶ ነው። መጋረጃው ተዘግቷል።

እኔም ተነሥቼ እጄን ማወዛወዝ ጀመርኩ። ቬርነል ድንኳኗን አጣጥፋ በአጠገቤ ስታልፍ ቆመች።

"ሚስትህ የቷ ናት?"

"ያቺ መጋረጃዋ የተዘጋው።"

"ምነው፣ አልወጣችም እንዴ? ተቀየመችህ?"

"ተኝታለች" አልኩ።

ቬርነል ሌላ ነገር የምጨምር መስሏት ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ዕቃዋን ግንቡ ላይ አስቀምጣ እሷም እጇን አነሣች። መርከቡ ዞሮ ጀርባውን እስኪሰጠን ድረስ ሁለታችንም ለዚያ መጋረጃ ስናወዛውዝ ቆየን።

የመመለሻው የጀልባ ሰልፍ ከጠዋቱ ይብስ ነበር። መስኮቱን ከፍቼ ተቀመጥኩ፤ ሻዩ ውስጥ የነበረው በረዶ ሟሙቶ አልቋል። ቢሆንም በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄጄ ያን ሁሉ ሕዝብ የጫነ መርከብ በአንድ ኩባያ እንዳስነሣሁ ተናገርኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አንድም ያመነኝ የለም። ናዲንን እስክትመለስ ድረስ ጠብቁና ጠይቋት አልኳቸው።